ሆዱን ገልብጠው ይዩት፦ የድሮ የኮንክሪት መለሰኛዎችን መለየት፣ ማደስና መጠቀም

አሮጌ መለሰኛ እጅዎ ሲገባ ማኅተሙን ለመፈለግ አይቸኩሉ። መጀመሪያ ይገልብጡትና ሆዱን ይዩት። ሲሚንቶና አሸዋ ለዓመታት ሲፈትጉት የኖረ ብረት ብዙ ይናገራል፤ የትኛው ጠርዝ እንደሳሳ፣ የትኛው ማዕዘን እንደዶለዶመ፣ መሃሉ መስተዋት መስሎ ዳሩ ለምን እንደጠቆረ ያሳያል። ማኅተሙ መሣሪያው የት እንደተሠራ ይነግርዎታል፤ የተበላው ቦታ ግን ምን ሲሠራበት እንደኖረ ይነግርዎታል። ይህን ማንበብ የቻለ ሰው መሣሪያውን መቼና እንዴት እንደሚይዘው ለማወቅ ሩቅ አይሄድም።

በዚህ ጽሑፍ በአብዛኛው የምናየው የአሜሪካን የእጅ መሣሪያ ነው። በአሜሪካ የመጀመሪያው የኮንክሪት መንገድ እ.ኤ.አ. በ1891 (ዓመታቱ ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) በኦሃዮ ግዛት፣ በቤልፎንቴን ከተማ ተሠራ። ከዚያ በኋላ ባሉት አሥርተ ዓመታት የየከተማው የእግረኛ መንገድ፣ ደረጃና የጋራዥ ወለል በእጅ ሲለሰን ቆየ። ለዚያ ሥራ የተሠሩት መሣሪያዎች ዛሬም በአሜሪካ ጋራዦችና በአሮጌ ዕቃ ገበያዎች ይገኛሉ። አዲስ አበባ ያለ አንባቢም ምናለሽ ተራ ሲዞር ከብረት ክምር መሃል መለሰኛ ቢያገኝ፣ ከዚህ በታች ያለው ፍተሻ ያው ነው። ሥራውስ ለእኛ ባዕድ መች ሆነ? ሊሾ የምንለው ወለል ስሙን ያገኘው ለስላሳ ማለት ከሆነው የጣሊያንኛ ቃል ነው።

የሚያስፈልግዎ

ማግኔት፣ ሜትር፣ ቀጥ ያለ የብረት ማስመሪያ፣ የእጅ ባትሪ፣ የሽቦ ብሩሽ፣ ሞረድ፣ ቁጥር 220 እና 400 የብርጭቆ ወረቀት፣ አቼቶ፣ ቤኪንግ ሶዳ፣ የተልባ ዘይት፣ ጓንትና መነጽር።

ደረጃ 1፦ በቅርጹ ሥራውን ይለዩ

ከሁሉ በፊት መሣሪያው የማን እንደሆነ ይወቁ። የለሳኝ፣ የግንበኛና የወለል ሠራተኛ መሣሪያዎች አንድ ሣጥን ውስጥ ተደባልቀው ስለሚገኙ ብዙ ሰው ያምታታቸዋል።

የብረት መለሰኛ። ለኮንክሪት ወለል የተሠራው ረጅምና ጠባብ ነው። ርዝመቱ ብዙውን ጊዜ ከ14 እስከ 20 ኢንች፣ ማለትም ከ35 እስከ 50 ሴንቲሜትር ይሆናል፤ ስፋቱ 4 ኢንች፣ ወደ 10 ሴንቲሜትር ገደማ ነው። ለግድግዳ ልስን የተሠራው አጠር ብሎ ሰፋ ይላል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፦ ረጅሙ ምላጭ ከአንዱ ጉብታ ወደ ሌላው እየተሻገረ ወለሉን ያስተካክላል፤ ሰፊው ደግሞ ልስኑን ተሸክሞ ግድግዳ ላይ ይጫናል። ሁለቱም ጫፎቹ ክብ የሆኑ መለሰኛ ካገኙ የመዋኛ ገንዳ ሠራተኞች የሚጠቀሙበት ነው፤ ማዕዘን ስለሌለው በጎድጓዳ ገጽ ላይ ጭረት አይተውም።

የግንበኛ ማንኪያ። ጫፉ የሾለ፣ ሞርታር ለማንሳትና ለመዘርጋት የተሠራ ነው። ተረከዙ፣ ማለትም ከእጀታው አጠገብ ያለው ሰፊ ክፍል፣ ማዕዘን ካለው የፊላደልፊያ ቅርጽ ይባላል፤ ክብ ካለ የለንደን ቅርጽ ነው። ኮንክሪት ለመለሰን አይሆንም፤ ጠርዙን ከጣውላው ለማላቀቅ ግን ይጠቅማል።

የእንጨት መለሰኛ። ወፍራም ጣውላ ላይ እጀታ የተገጠመለት ነው። ሥራው ማለስለስ ሳይሆን ማስተካከል ነው፦ ጠጠሩን ወደ ውስጥ ይጫናል፣ ጉብታውን ይቆርጣል፣ ገጹንም ሻካራ አድርጎ ይተወዋል።

ረጅም ባለ ሁለት እጀታ መለሰኛ። አሜሪካኖች ዳርቢ ይሉታል። ከአንድ ሜትር የሚዘል ጠባብ ጣውላ ወይም ብረት ሆኖ ላዩ ላይ ሁለት መያዣ አለው። ኮንክሪቱ ተዘርግቶ በማስተካከያ ጣውላ እንደተጠረገ ወዲያው የሚገባው እሱ ነው።

የጠርዝ መለሰኛ። አንዱ ጎኑ ወደ ታች ታጥፎ የተጠማዘዘ ትንሽ ሳህን ነው። የወለሉን ዳር ያከብበዋል፤ ክብ ጠርዝ ደግሞ እንደ ሹል ጠርዝ በቀላሉ አይሸራረፍም። ሁለቱም ጫፎቹ ቀና ያሉ ከሆነ ወደፊትም ወደኋላም እንዲሄድ የተሠራ ነው።

መስመር ማውጫ። በሆዱ መሃል ወደ ታች የወረደ ምላስ አለው። ኮንክሪት ሲደርቅ ይሰበሰባል፤ መሰንጠቁ ስለማይቀር በዘፈቀደ ከሚሰነጠቅ በመስመሩ ውስጥ እንዲሰነጠቅ መንገድ ይከፍትለታል። ሲያገኙ የምላሱን ጥልቀት ይለኩ፤ ቁጥሩ በኋላ ያስፈልግዎታል።

ከእነዚህ ሌላ ለደረጃ ውስጥና ውጭ ማዕዘን የተሠሩ፣ እንዲሁም ለመንገድ ዳር ጠርዝ የተቀረጹ ከባድ መሣሪያዎች አሉ። ገጹ ላይ ነጥብ የተቀረጸበት የነሐስ ሮለር ካዩ የእግረኛ መንገድ እንዳያንሸራትት ጉድጓድ ጉድጓድ እያደረገ የሚያትም ነበር። ፊደላቱ በግልባጭ የተቀረጹበት ሳህን ደግሞ የሥራ ተቋራጩ ስም ማኅተም ነው፤ በካሊፎርኒያዎቹ በርክሌይና ኦክላንድ የእግረኛ መንገዶች ላይ እንዲህ የታተመ ስምና ዓመተ ምሕረት ዛሬም ይነበባል።

ደረጃ 2፦ ከምን እንደተሠራ ይለዩ

ማግኔቱን ያስጠጉ። ከያዘ ብረት ነው። ቀጭን ሆኖ እንደ ስፕሪንግ የሚመለስ ከሆነ አረብ ብረት (ስቲል)፣ ወፍራምና ገጹ ሻከር ያለ ከሆነ ደግሞ ቀልጦ በቅርጽ የፈሰሰ ብረት ነው። የፈሰሰው ከእጅዎ እንዳይወድቅ ይጠንቀቁ፤ ተሰባሪ ነው። አንዳንድ ዓይነት ዝገት የማይዘው ብረትም ማግኔት እንደማይስብ ያስታውሱ።

ማግኔቱ ካልያዘ በእጅዎ ይመዝኑት። ከባድና ሲፈተግ ወርቃማ ከሆነ ነሐስ ነው። የድሮ የጠርዝ መለሰኛና መስመር ማውጫ ብዙ ጊዜ ከነሐስ ይሠራ ነበር፤ ስለማይዝግ ከሁሉም በላይ ደህና ሆኖ የሚገኘው እሱ ነው።

ቀላልና ነጣ ያለ ከሆነ አሉሚኒየም ወይም ማግኒዥየም ነው። አንድ ቦታ በብርጭቆ ወረቀት ፈቅፍቀው ንጹሕ ብረት ሲያዩ አንድ ጠብታ አቼቶ ያስቀምጡበት። ከተንተከተከ ማግኒዥየም ነው፤ ዝም ካለ አሉሚኒየም ነው። ወዲያው በውሃ ያጥቡት። የማግኒዥየም ብናኝ በቀላሉ እሳት ስለሚይዝ በኤሌክትሪክ ግራይንደር ፈጽሞ አይሞርዱት።

የማግኒዥየም መለሰኛ በአሜሪካ የተስፋፋው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነው። በብርድ አገር ኮንክሪቱ በበረዶ እንዳይፈረካከስ እጅግ ጥቃቅን የአየር አረፋ እንዲይዝ ይደረጋል፤ እንዲህ ያለው ኮንክሪት ተጣባቂ ስለሆነ እንጨት ገጹን ይቀደዋል፣ ማግኒዥየም ግን ይንሸራተትበታል። ስለዚህ ሣጥኑ ውስጥ እንጨት ብቻ ካለ የቀድሞ ዘመን ሠራተኛ ሣጥን ሊሆን ይችላል፤ ማግኒዥየም ካለ የኋለኛው ዘመንም ደርሶበታል።

ደረጃ 3፦ ማኅተሙን ያንብቡ

አሁን ወደ ማኅተሙ ይሂዱ። አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው በምላጩ ላይኛ ገጽ፣ ከእጀታው ሥር ነው። ባትሪውን ከጎን ዝቅ አድርገው ያብሩ፤ ፊት ለፊት ሲበራ የማይታይ ፊደል በጥላው ይወጣል። በሽቦ ብሩሽ አይፈትጉት፤ የሳሳ ማኅተም አንድ ጊዜ ከጠፋ አይመለስም።

ከሚያገኟቸው ስሞች አንዱ ማርሻልታውን ነው፤ በአዮዋ ግዛት በዚሁ ስም በሚጠራ ከተማ በ1890 የተጀመረ ሲሆን ዛሬም አለ። ጎልድብላት የካንሳስ ሲቲ ነበር። ዲስተን በመጋዙ የታወቀ የፊላደልፊያ ፋብሪካ ቢሆንም መለሰኛና ማንኪያም ሠርቷል። ደብሊው፣ ኤች፣ ኤስ የሚሉት ሦስት የእንግሊዝኛ ፊደሎች ያሉበት ማንኪያ ደግሞ በርሚንግሃም አጠገብ ኦልድበሪ የነበረው የዊሊያም ሃንት እና ልጆቹ ሥራ ነው።

ዘመኑን ለመገመት የሚከተሉት ምልክቶች ይረዱዎታል፦

የፓተንት ቁጥር። የአሜሪካ ፓተንት አንድ ሚሊዮን የደረሰው በ1911፣ ሁለት ሚሊዮን በ1935፣ ሦስት ሚሊዮን በ1961፣ አራት ሚሊዮን በ1976 ነው። ቁጥሩ በሁለት ሚሊዮን ከጀመረ መሣሪያው ከ1935 በፊት ሊሠራ አይችልም። ከዚያ በኋላ ግን ለብዙ ዓመታት ሊመረት ስለሚችል ቁጥሩ የሚነግርዎት መነሻውን እንጂ መድረሻውን አይደለም።

የአገር ስም። ከ1890 የአሜሪካ የቀረጥ ሕግ ወዲህ ወደዚያ የሚገባ ዕቃ የመጣበት አገር ስም እንዲጻፍበት ተደንግጓል። ምዕራብ ጀርመን የሚል ካለበት ከ1949 እስከ 1990 ባለው ጊዜ የተሠራ ነው።

ማሸጊያው። ካርቶኑ ካለና አድራሻው ላይ አምስት አሃዝ ያለው የአሜሪካ የፖስታ መለያ ቁጥር ከሰፈረበት፣ ያ አሠራር የተጀመረው በ1963 ስለሆነ ከዚያ በፊት አይሄድም።

ደረጃ 4፦ ይገዙት ወይስ ይተዉት?

መጀመሪያ ስፋቱን ይለኩ። የኮንክሪት መለሰኛ ሲሠራ 4 ኢንች፣ ማለትም ወደ 102 ሚሊሜትር ከነበረና ዛሬ 92 ሚሊሜትር ከሆነ፣ አሥሩን ሚሊሜትር ኮንክሪት በልቶታል። ይህ ጉድለት አይደለም። ጠርዙ በእኩል የሳሳ፣ ማዕዘኖቹ በስሱ የከበቡ መለሰኛ ልምድ ያላቸው ሠራተኞች የሚፈልጉት ነው፤ አዲስ ምላጭ ማዕዘኑ ስለታም ስለሆነ እጅ እስኪለምደው ወለሉን ይጭረዋል።

ቀጥሎ ማስመሪያውን በሆዱ ላይ አቁመው ወደ ብርሃን ያዙት። ከጫፍ እስከ ጫፍ በጣም ትንሽ ቀስት መሳይ ጉብታ ቢኖር ደህና ነው። ማዕበል መሳይ ሞገድ፣ አንድ ቦታ ላይ እጥፋት ወይም ወደ አንድ ጎን ጥምዘዛ ካለው ግን ይተዉት። የተጠማዘዘን ምላጭ በመዶሻ አቃናለሁ ማለት ሌላ ጉብታ መጨመር ነው።

ከዚያ ሆዱን በጣትዎ ይዳስሱ። የሪቬቶቹ ራስ ከገጹ ጋር እኩል መሆን አለበት፤ አንድ እንኳ ከወጣ በእያንዳንዱ ምት መስመር ይጥላል። እጀታውን ይያዙና ይወዝውዙ፤ የላላ እንጨት ይታደሳል፣ ከምላጩ የተላቀቀ የብረት አንገት ግን ያስቸግራል። በመጨረሻ ቀለሙን ይዩ። ምላጩ በሙሉ እኩል ሰማያዊ ከሆነ ከፋብሪካው የወጣበት ቀለም ሊሆን ይችላል። አንድ ቦታ ብቻ ሰማያዊ ከሆነ ግን የሆነ ሰው በግራይንደር አቃጥሎታል። ይህን በራሴ እጅ ተምሬዋለሁ፦ አንድ ጥሩ አሮጌ መለሰኛ ቶሎ ላጽዳው ብዬ ግራይንደር አስነካሁት፤ የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል ሰማያዊ ነጥብ ወጣች፤ በቀጣዩ ወለል ላይ ምላጩ እዚያችው ላይ ታጠፈ። ሃምሳ ዓመት ሳይበላሽ የኖረን ነገር ለግማሽ ሰዓት ብዬ አጠፋሁት።

ደረጃ 5፦ ያጽዱና ያድሱ

የደረቀውን ሲሚንቶ መጀመሪያ በእንጨት ስንጥር ወይም በፕላስቲክ ይፋቁ። የቀረውን በሽቦ ብሩሽ ያንሱ። ብናኙ ለሳንባ ጎጂ ስለሆነ ገጹን ውሃ እያርከፈከፉ ይሥሩ።

የዛገ የብረት ምላጭ ብቻ ለይተው አንድ ሌሊት በአቼቶ ይንከሩ፤ እንጨቱ እንዳይነካ ይጠንቀቁ። ማለዳ በብሩሽ ያጽዱ፣ ቤኪንግ ሶዳ በተሟሟበት ውሃ ያጥቡ፣ ወዲያው ያድርቁና ዘይት ይቀቡ። ማግኒዥየምና አሉሚኒየም አቼቶ ውስጥ አይገቡም።

ሆዱን ለማስተካከል የብርጭቆ ወረቀቱን ቀጥ ባለ ጣውላ ላይ ጠቅልለው በርዝመቱ ብቻ ይፈትጉ፤ መጀመሪያ በ220፣ ቀጥሎ በ400። የጠርዙን ትናንሽ እሾህ በሞረድ በአንድ ምት ይውሰዱ። ምላጩን እንደ ቢላ አይሳሉት፤ ስለታም ጠርዝ ኮንክሪቱን ይቆፍራል።

እጀታውን የተልባ ዘይት በጨርቅ እየቀቡ ያጠጡት። ጨርቁን ግን ጠቅልለው አይጣሉ። በተልባ ዘይት የራሰ የተጠቀለለ ጨርቅ በራሱ ግሎ እሳት ሊነሳበት ይችላል፤ ውጭ ዘርግተው ያድርቁት ወይም ውሃ ውስጥ ይንከሩት።

ደረጃ 6፦ በትንሽ ወለል ይለማመዱ

ያደሱትን መሣሪያ ቤትዎ በር ላይ አይሞክሩት። 60 በ60 ሴንቲሜትር የሆነ፣ ቁመቱ 5 ሴንቲሜትር የጣውላ ቅርጽ ይሥሩ። በ5 ሊትር ባልዲ አንድ ሲሚንቶ፣ ሁለት አሸዋ፣ ሦስት ከ15 ሚሊሜትር ያልበለጠ ጠጠር ያዋሕዱ፤ ቅርጹን ሞልቶ ጥቂት ይተርፋል። ውሃው ከ3.5 እስከ 4 ሊትር ይበቃዋል፤ አሸዋው እርጥብ ከሆነ ይቀንሱ። እርጥብ ሲሚንቶ ቆዳ ያቃጥላል፤ ጓንት ያድርጉ፣ በራሰ ሱሪም አይንበርከኩ።

ሀ. ይጥረጉ። ቀጥ ባለ ጣውላ እንደ መጋዝ ወዲያና ወዲህ እያሉ ትርፉን ያውጡ።

ለ. ወዲያው ያስተካክሉ። ውሃው ላይ ሳይወጣ ረጅሙን መለሰኛ ወይም የእንጨቱን ያሳልፉ። እንጨቱን አስቀድመው ውሃ ያጠጡት፤ ደረቅ እንጨት የኮንክሪቱን ውሃ ይጠጣል።

ሐ. ይጠብቁ። የሥራው ከባዱ ክፍል ይህ ነው። ኮንክሪቱ ውሃ ይተፋል፤ ገጹ ያብለጨልጫል። በዚህ ሰዓት ማንኛውንም መለሰኛ ማስነካት ውሃውን መልሶ ከገጹ ጋር ማሸት ነው፤ ውጤቱም ሲደርቅ እንደ ዱቄት የሚነሳ፣ በቀጭኑ የሚላጥ ወለል ይሆናል። ውሃውን ለማድረቅ ብለው ደረቅ ሲሚንቶ አይበትኑበት። ብልጭታው ጠፍቶ ገጹ እስኪደበዝዝ ይቆዩ። በትልቅ ወለል ላይ የቆመ ሰው ጫማ ከ6 ሚሊሜትር የማይበልጥ ዱካ ሲተው ጊዜው ደርሷል፤ በዚህ ትንሽ ወለል በአውራ ጣትዎ ይሞክሩ።

መ. ጠርዙንና መስመሩን ያውጡ። ማንኪያውን በጣውላውና በኮንክሪቱ መሃል ያሳልፉ፣ ከዚያ የጠርዝ መለሰኛውን የሚሄድበትን ፊት ጥቂት ቀና አድርገው ይንዱ። የመስመሩ ጥልቀት ቢያንስ የወለሉ ውፍረት አንድ አራተኛ መሆን አለበት፤ ለ5 ሴንቲሜትር ወለል ወደ 13 ሚሊሜትር ማለት ነው። የለኩት ምላስ ከዚያ ካነሰ መስመሩ ጌጥ እንጂ መከላከያ አይሆንም። ለ10 ሴንቲሜትር ወለል ደግሞ 25 ሚሊሜትር ያስፈልጋል፤ የመስመሮቹም ርቀት ከ2.4 እስከ 3 ሜትር ይሁን።

ሠ. በእንጨት ወይም በማግኒዥየም ይድገሙ። ሆዱን ዘርግተው ክብ ክብ እያሉ ይሂዱ። ከቤት ውጭ ለሚሆን ወለል፣ በተለይ የአየር አረፋ ላለው ኮንክሪት፣ እዚህ ላይ ያቁሙ፤ ሻካራው ገጽ አያንሸራትትም። በእርጥብ መጥረጊያ አንድ ጊዜ መሳብም ይችላሉ።

ረ. በብረት ያለስልሱ። የመጀመሪያውን ዙር ምላጩን ዘርግተው፣ ጠርዙን ጥቂት ብቻ ቀና አድርገው ይሂዱ፤ እያንዳንዱ ምት ያለፈውን በግማሽ ይሸፍን። ኮንክሪቱ ሲጠነክር ምላጩን ትንሽ ይበልጥ ያዘንብሉና ይጫኑ። አሁን ጆሮዎን ይስጡ። ገጹ ለስላሳ ሳለ መለሰኛው ድምፅ አልነበረውም፤ በትክክለኛው ሰዓት ግን ብረቱ ይጮኻል፣ እንደ ቀጭን ደወል። ያን ድምፅ ሲሰሙ የመጨረሻውን ዙር ያሳልፉና እጅዎን ያንሱ።

ደረጃ 7፦ ወለሉንም መሣሪያውንም ይንከባከቡ

ገጹ ሲጠነክር በእርጥብ ጆንያ ወይም በላስቲክ ይሸፍኑትና ሰባት ቀን ውሃ ያጠጡት። መሣሪያውን ኮንክሪቱ ሳይደርቅበት ያጥቡ፣ ያድርቁ፣ ዘይት ይቀቡ፤ ምላጩ ሌላ ዕቃ ሳይጫነው በሚስማር ይስቀሉት።

በስምንተኛው ቀን ሽፋኑን ያንሱና ጥቂት ውሃ ወለሉ ላይ ያፍስሱ። ውሃው የሚቆምበትን ቦታ በእርሳስ ይክበቡ። ከዚያ መለሰኛውን ይገልብጡና ሆዱን ከክበቡ ጋር ያስተያዩ። ወለሉ ላይ ጭረት ካዩና ጭረቱ ሁልጊዜ በአንድ ጎን ካለ ጥፋቱ የምላጩ ማዕዘን ነው፤ ወደዚያ ተመልሰው በብርጭቆ ወረቀት ይንኩት። ውሃ የቆመበት ጉድጓድ ተበታትኖ ከሆነ ግን ምላጩ ደህና ነው፤ ያልተማረው እጅ ነው፤ ሌላ ቅርጽ ይምቱና እንደገና ይሙሉ። ከጥቂት ወለል በኋላ በሆዱ ላይ አዲስ የሚያበራ መስመር ያያሉ። እስከዚያ ድረስ ያነበቡት የሌላ ሰው እጅ ነበር፤ ይህ መስመር የእርስዎ ነው።